ዲጂታል ሚዲያን እንደ ማይነር ጎንደር ላይ ተምሬው ያየሁት

ሰላም የግቢ ልጆች፣ ዲጂታል ሚዲያን ከሜጀሬ ጋር ጎን ለጎን ልያዘው ወይ እያላችሁ የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ አንዴ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። የኔ ሜጀር ታሪክና ቅርስ ነው፣ ዲጂታል ሚዲያውን እንደ ማይነር ይዤ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ አካባቢ ካለ የግል ማሰልጠኛ ነው የተማርኩት፣ 4 ወር ፈጀብኝ። ስሙን አልጽፈውም፣ የምነቅፈውም አለና።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ የድምፅ ትምህርቱ ነው። ሁላችንም ካሜራ ካሜራ እያልን ነው የገባነው፣ ቲቸር ግን የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት ካሜራ ጭራሽ አላስነካንም፣ በስልካችን ድምፅ ብቻ ቅዱ አለን። እኔ በጣም ተናድጄ ነበር፣ ብሬን ከፍዬ ስልኬን ልማር ነው እንዴ ብዬ። ከዚያ የመጀመሪያውን አሳይመንት ልሰራ ወለቃ ሄድኩ፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ያለችው ሸክላ የሚሰራባት መንደር። አንዲት እናት ጭቃ እያቦኩ 40 ደቂቃ ሙሉ አወሩኝ፣ ድሮ ቤተ እስራኤሎች ጎረቤቶቻቸው ስለነበሩበት ጊዜ፣ ሸክላ መስራት ከማን እንደተማሩ፣ ጭቃው ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ልበላችሁ ሜጀሬ ላይ በ3 ዓመት ያልሰማሁትን ነገር ነበር የሚነግሩኝ። ዶርም ገብቼ ብከፍተው ንፋስ ብቻ! ድምፃቸው ከስር እንደምንም ይሰማል፣ መሀል ላይ ደግሞ ስልክ ተደውሎልኝ ቀረጻው ተቋርጧል። አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

ቲቸር አልተቆጣኝም። ቁጭ አድርጎ አንድ በአንድ አሳየኝ፣ ኤርፕሌን ሞድ ማድረግ፣ ኢርፎን ሰክቶ እየሰሙ መቅዳት፣ ማይኩን ፀጉራም ጨርቅ ማልበስ፣ ሰውየው ከፍ አድርጎ ሲናገር የመቅጃው የድምፅ መለኪያ ላይ ከማይነስ 12 እስከ ማይነስ 6 ዴሲቤል መሀል እንዲሆን ማስተካከል፣ ዜሮን ከነካ ይሰነጠቃል፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ ኤዲቲንግ ላይ አይመለስም። በሳምንቱ ተመለስኩ፣ እማማም "ምነው ልጄ፣ ያን ሁሉ አውርቼልሽ?" አሉኝ፣ ይቅርታ ጠይቄ የአንገት ማይኳን ነጠላቸው ላይ ስሰካ "ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?" ብለው ሳቁ፣ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምረው በድጋሚ አወሩኝ። በመዳፋቸው ጭቃውን ሲጠፈጥፉት ያለው ድምፅ ራሱ ጥርት ብሎ ገብቶልኛል። እስካሁን ከሰራሁት ሁሉ እሱን ነው የምወደው።

ኤዲቲንጉም ጥሩ ነው ግን ፈጠን ፈጠን ይላል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር ነው ያስተማሩን፣ ነፃው ቨርዥን ለተማሪ ከበቂ በላይ ነው፣ ላፕቶፓችሁ ደካማ ከሆነ ፕሮክሲ የሚባለውን ጠይቁ፣ ቪዲዮውን አሳንሶ ይሰራላችሁና ኤዲት አድርጋችሁ ስትጨርሱ በዋናው ነው የሚያወጣው። የአማርኛ ፊደል ባዶ ሳጥን እየሆነ ያስቸገራችሁ ካላችሁ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት ጫኑ። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተተየበ ጽሑፍ ኮፒ ካደረጋችሁ ግን የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ነው የሚሆነው፣ ምክንያቱም ዩኒኮድ አይደለም፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን የሚለዩበትን የጋራ ኮድ አይጠቀምም። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ ይሄን እዛ ነው ያወቅኩት፣ ለታሪክ ተማሪ ደስ ይላል።

ሕግም አለው፣ የኮፒራይቱ አዋጅ 410/1996 እና የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃው 1185/2012። ብዙዎቹ ያንን ክፍለ ጊዜ ይቀሩ ነበር፣ እኔ ግን እላችኋለሁ አትቅሩ፣ የሰው ፎቶ ከቴሌግራም አንስቶ መለጠፍ ለምዶብን ትክክል ይመስለናል እኮ። ድሮንም ያለ ፈቃድ ማስነሳት እንደማይቻል እዛው ነው የተነገረን፣ ጥምቀት ላይ ፋሲለደስ መዋኛን ከላይ ልቅረጽ ብላችሁ የምታስቡ ይሄን ልብ በሉ።

አሁን ቅሬታዬ። ስመዘገብ ካሜራ በቂ ነው ተባልኩ፣ ስንገባ 22 ተማሪ 2 ካሜራ! በዛ ላይ አንዱ ባትሪ አይዝም። ሺተር ስፒድና አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜና ለብርሃን ያለው ስሜት) ሰሌዳ ላይ ተማርን፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ስትቀርጹ ሺተሩን 1/50 ሰከንድ አድርጉ ምናምን፣ ግን እጄ ላይ ካሜራ የገባው በ4 ወር ውስጥ ቢደመር 2 ሰዓት አይሞላም። መብራት ሲጠፋ ክላሱ ይሰረዛል፣ ማካካሻ እንሰጣለን ተብሎ ሁለቴ ሳይሰጥ ቀረ። ይሄ ልክ አይደለም፣ ከቤተሰብ ለምኖ የከፈለ ልጅ አለ።

ለማን ነው ታዲያ? ታሪክ፣ ቱሪዝም፣ ጋዜጠኝነት፣ ግብርና፣ ጤና ለምትማሩ፣ ማለትም የምታወሩት ነገር ላላችሁ በደንብ ይሆናል። የኔ ባች ውስጥ ጎበዝ ቪዲዮ የሰራችው የነርሲንግ ተማሪ ናት፣ ስለ እናቶች ክትትል በአማርኛ አጫጭር አድርጋ፣ በቁሙ 1080 በ1920 ለቲክቶክ ነው የሰራችው፣ ስለምታወራው ነገር ስለምታውቅ ቃላቱ ቀላል ነው። ሚዲያ ብቻውን ልማር ያሉት ግን መጨረሻ ላይ ፕሮጀክት ሲባል ሁሉም የፋሲል ግንብን ቀርጸው መጡ፣ አንድ ዓይነት በር፣ አንድ ዓይነት ዘፈን።

ከ5 ሦስት ተኩል ሰጥቼዋለሁ፣ ቲቸሩ ብቻውን ቢሆን 5 ነበር። ከመክፈላችሁ በፊት ካሜራው ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ ክፍሉ ድረስ ግቡና በዓይናችሁ እዩ፣ ጄኔሬተር አለ ወይ በሉ፣ ባለገመድ ኢርፎን ደግሞ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። የወለቃዋን ቀረጻ መስማት የምትፈልጉ ጻፉልኝ፣ እማማን አስፈቅጃቸዋለሁ፣ እልክላችኋለሁ።