ጅማ ላይ ቤት ለመግዛት፦ አዌቱ ዳር ወይስ ጅሬን ዳገት?

አዌቱ ወንዝ ጅማን አቋርጦ ያልፋል። ዳር ዳሩ ያለው ሜዳ ለገበያም ለሥራም ቅርብ ነው። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው የጅሬን ዳገት ግን መሠረቱና የድጋፍ ግንቡ ብዙ ድንጋይና ሲሚንቶ ይፈጃሉ። በየቀኑ ዳገት መውጣትም አለ።

ስለዚህ ሜዳው ያጓጓል። እኔ ግን ክረምቱን አስባለሁ። ወንዙ ሲሞላ ግቢ የሚገባው ጭቃ ብቻ አይደለም። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ይገነፍላል፣ የጉድጓድ ውሃም ይበከላል። የጭቃ ቤት ከሆነ የግድግዳው ግርጌ ውሃ ይጠጣል፤ ምርጊቱ ይረግፋል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል። ብሎኬት ይሻላል፤ ግን እሱም እርጥበት ወደ ላይ ይስባል።

ጥር ላይ ቤት ለማየት የሄደ ሰው ይህን ሁሉ አያይም። ግድግዳው ከጉልበት በታች ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ለምን በሉ። የበሩን መቃን ታችኛውን ጫፍ በጣታችሁ ጫን አድርጉት፤ ከለሰለሰ ውሃ አግኝቶታል። ከደላላው ይልቅ ጎረቤት ያሉ እናትን፣ «እማማ፣ ነሐሴ ላይ ውሃው እስከ የት ይደርሳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ቦታው የወንዝ ዳርቻ ክልል ውስጥ አለመግባቱንም ካርታውን ይዛችሁ ማዘጋጃ ቤት አጣሩ።

ዳገቱም ከጎርፍ ነጻ አይደለም። ከላይ የሚወርደው ውሃ መውረጃ ቦይ ካጣ መሠረት ይሸረሽራል። ይህን ግን ቦይ ቆፍሮ መከላከል ይቻላል። ወንዝን አንድ አባወራ ብቻውን አይገድበውም። ጠበብ ቢልም የጅሬኑን ቤት እመርጣለሁ።