«ፐርሺያን እንዲህ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ብሩን አትላኩ

ቅዳሜ በ28 ሺህ ብር የተገዛች የፐርሺያን ግልገል ረቡዕ ሌሊት ሞተች፤ ፐርሺያን ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ፀጉሩ ረጅም የድመት ዘር ነው። ይህን የምጽፈው ሐሙስ ጠዋት ነው፤ የመጣችበት ካርቶን ገና በረንዳ ላይ ነው። ሻጩን ታውቁታላችሁ። ነጭ ብርድ ልብስ ላይ የተነሱ ፎቶዎች፣ «ኦሪጅናል ፐርሺያን፣ ሙሉ ክትባት፣ የቀሩት 2 ብቻ» የሚል የቴሌግራም ጽሁፍ፣ ቤቱንም እናትየዋንም የማያሳይ፣ ቦሌ መንገድ ዳር መኪናው ውስጥ ተቀምጦ የሚያስረክብ። ስለ ሰውየው ከዚህ በላይ አልልም። ስለ ውሸቱ ግን እናገራለሁ፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ ድመት የሚያውቅ ሰው እንኳ ይሸወዳል።

ካርቶኑ ሲከፈት ግልገሏ ቀና አላለችም። በግራ ዓይኗ ጥግ ቢጫ ነገር ደርቋል። ምን ሆና ነው ስለው «እህቴ፣ ፐርሺያን እንዲህ ነው፣ ሁሉም ያለቅሳል» አለ። አፍንጫዋ ያፏጫል፤ «ፊቱ ጠፍጣፋ ነዋ፣ ፐርሺያን እንዲህ ነው»። ለምን አትንቀሳቀስም? «ረጋ ያለ ዘር ነው፣ እንደ ሰፈር ድመት አይዘልም»። ከጆሮዋ ጀርባ የሳንቲም ያህል የተመለጠ ቦታ አለ፤ «ፀጉሯን እየቀየረች ነው»። ከዚያ የክትባት ካርዱን አወጣ። በአንድ እጁ ገለጠው፤ አውራ ጣቱ ስቲከሩ ላይ ነበር። የታየኝ ቀኑና ማህተሙ ብቻ ነው። ልቀበለው እጄን ስዘረጋ አጠፈና ካርቶኑ ውስጥ ጣለው። «ቤት ስትደርሺ ታይዋለሽ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው፣ ቶሎ ላኪው»። ላክሁለት። ያ ጣት ከዓይኔ አልጠፋም። «አንሳው እስቲ» ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ አላልኩም፤ ሰው እየጠበቀው ስለሆነ አፈርኩ።

ስቲከሩ የውሻ ክትባት ነበር። ከውሻ ብልቃጥ ላይ ተልጦ የተለጠፈ፣ ዲስተምፐር የሚል የውሻ በሽታ ስም በግልጽ የተጻፈበት። የድመት መሠረታዊ ክትባት 3 በሽታ ነው የሚይዘው፤ ፓንሉኮፔኒያ (አንጀትን የሚያጠቃ ገዳይ ቫይረስ)፣ የድመት ጉንፋን የሚያመጡት ሄርፐስና ካሊሲ። ዲስተምፐርና ሄፓታይተስ የሚል ካያችሁ ብልቃጡ የተከፈተው ለውሻ ነው። ካርዱ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ተሞልቷል፤ በ6 ሳምንቷ እንደተወጋች ተደርጎ። ያ ክትባት ከ12 ሳምንት በፊት አይሰጥም። «ሙሉ ክትባት» የሚለው ቃል ራሱ ውሸት ነው። ግልገል ከእናቷ ወተት የምታገኘው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፈው፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ተጀምሮ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት መሄድ አለበት። የ10 ሳምንት ግልገል ሙሉ ክትባት የወሰደችበት አገር የለም።

ሻጩ እንዳለው 10 ሳምንትም አልነበረችም። ሰኞ ክሊኒክ ሚዛን ላይ ስትወጣ 510 ግራም መዘነች። ጤናማ የ10 ሳምንት ግልገል ወደ 1 ኪሎ ትጠጋለች፤ የቤት ሂሳቡ በሳምንት 100 ግራም ገደማ ነው። ዓይኗ ገና ሰማያዊ ነበር፤ ወደ ትክክለኛ ቀለሙ መቀየር የሚጀምረው ከ6 እስከ 7 ሳምንት ላይ ነው። የጎን ወተት ጥርሶቿም ገና ድድ እየቀደዱ ነበር። ስለዚህ ከእናቷ የተነጠለችው በ6 ሳምንት ወይም ከዚያ በፊት ነው። ከ8 ሳምንት በታች መነጠል የለባትም፤ ፐርሺያን ደግሞ ዘግይቶ ስለሚጠነክር 12 ሳምንት ቢሞላት ይሻላል። በጠረጴዛ ላይ ያለ የወጥ ቤት ሚዛን ይህን ሁሉ በ1 ደቂቃ ያወጣው ነበር።

አሁን ወደ «ፐርሺያን እንዲህ ነው» ልመለስ፤ የሚያናድደኝ እሱ ነው። ፐርሺያን እውነትም ያለቅሳል፤ ፊቱ ስለተጨፈለቀ የእንባ ቱቦው ይጣመማል፣ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ያ እንባ ግን ውሃ የመሰለ ነው፤ ሲደርቅ ፀጉሩን ቡናማ ያደርጋል። በየቀኑ በተፈላ፣ ለብ ባለ ውሃ በራሰ ጥጥ ከዓይኑ ጥግ ወደ ውጭ ይጠረጋል፤ ለእያንዳንዱ ዓይን የየራሱ ጥጥ። ቢጫ ወይም አረንጓዴ፣ ወፈር ያለ፣ ዓይኑን የሚያስጨፍን ከሆነ ኢንፌክሽን ነው፤ ከዘሩ ጋር አይገናኝም። አፍንጫውም እንዲሁ። ጠባብ ስለሆነ ተኝቶ ቢያንኮራፋ አይገርምም፤ ማስነጠስና ንፍጥ ካለበት ግን የድመት ጉንፋን ነው፣ አርፎ ተቀምጦ በአፉ የሚተነፍስ ከሆነ ደግሞ እዚያው ቀን ሐኪም ጋ ነው።

ረጋ ያለ ዘር ነው ማለቱም ትልቁን ድመት ከሆነ ልክ ነው። ግልገል ግን ግልገል ነው። ፊት ለፊቱ ክር ስትጎትቱለት ቀና የማይል ግልገል ታሟል። ፀጉር ሲቀየር ደግሞ ይሳሳል እንጂ ክብ ሆኖ ቆዳው አይታይም። ክብ፣ ቅርፊት ያለው፣ ዳር ዳሩ ላይ ፀጉሩ የተሰባበረ ከሆነ ጭርት ነው፤ ፐርሺያን በዚህ ይታወቃል፣ ወደ ልጆችም ይተላለፋል። ክሊኒክ ውስጥ በልዩ መብራት ሲታይ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ያበራል፤ ባያበራም ነፃ ነው ማለት አይደለም፣ ፀጉሩ ተወስዶ መመርመር አለበት። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው መኪናው መስኮት አጠገብ ቆሜ «እሺ» ያልኩት።

ሰኞ ቢጫ አረፋ አስመለሳት። ውሃዋ ላይ አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች እንጂ አትጠጣም፤ ይህን አቀማመጥ ካያችሁ አትጠብቁ። የድመት ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ነው፤ እሷ 40.5 ነበረች። ሐኪሙ በውሻ ፓርቮ (የውሻ የአንጀት ቫይረስ) መመርመሪያ ሰገራዋን አየው፤ ቫይረሶቹ ዘመዳሞች ስለሆኑ ያው ኪት የድመቱንም ይይዛል፤ ሁለት መስመር ወጣ፤ ፓንሉኮፔኒያ። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክት እስኪያሳይ ከ2 እስከ 10 ቀን ይወስዳል፤ ግልገሏ ደግሞ ቅዳሜ ካርቶን ውስጥ እያለች ነበር የደከመችው። ይዛው ነው የመጣችው። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ ግሉኮስ፣ የማስታወክ ማስቆሚያ፣ በተጎዳው አንጀት ባክቴሪያ እንዳይገባ አንቲባዮቲክ፣ ሌላው የሰውነቷ አቅም ነው። የ500 ግራም ሰውነት አቅም የለውም። ረቡዕ ማታ ሙቀቷ 36.6 ወረደ።

ማክሰኞ ደውዬለት ነበር። ቅዳሜ «እህቴ» ያለው ሰው «ስሚ» አለኝ። «ስሚ፣ ብርድ መቷት ነው፣ ፓራሲታሞል ግማሽ ሰባብረሽ በወተት ስጫት»። በዓመት ስንት ድመት እንደሚሸጥ አላውቅም፤ ይህን ግን ለገዢ ሁሉ እንደሚል ከአፉ ቅለት ያስታውቃል። ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። ጉበቷ ሊያጣራው አይችልም፣ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቆማል፣ ድድዋ ይጠቁራል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል። ግማሽ ፍሬ ለዚያች ግልገል ከበቂ በላይ ነበር። የላም ወተቱ ደግሞ ተቅማጡን ያባብሰዋል። ክሊኒኩ ያለውን ስነግረው «ሰው በሚሞትበት አገር ስለ ድመት ትጨቃጨቂያለሽ» አለ፤ ቀጥሎ «ከፈለግሽ እህቷን በግማሽ ዋጋ ውሰጂ» አለ። ከዚያው ካርቶን። ረቡዕ ስደውል ብሎክ አድርጎኛል።

በግማሽ ዋጋ የሚለውን አትቀበሉ፤ እንዲያ ብሎ የሁለተኛዋንም ሞት ነው የሚሸጣችሁ። ይህ ቫይረስ ቤት ውስጥ እስከ 1 ዓመት ይቆያል። አልኮል አይገድለውም። ዴቶልም አያስተማምንም፣ በዚያ ላይ ድመት እግሯን ስትልስ ይመርዛታል። የሚሠራው በረኪና ነው፤ መጀመሪያ ወለሉ በሳሙና ይታጠባል፣ ቆሻሻ ላይ በረኪና ኃይሉን ያጣል። ከዚያ በ1 ሊትር ውሃ 30 ሚሊ ሊትር በረኪና፣ ያን ቀን የተበጠበጠ፣ 10 ደቂቃ ረጥቦ ይቆያል፣ በውሃ ይታጠባል፣ መስኮት ይከፈታል። በረኪና የማይነካቸው ነገሮች፣ ካርቶን፣ ምንጣፍ፣ የአሸዋው ሳህን ከተጫጫረ እሱም፣ ይጣላሉ። አዲስ ድመት ወደዚያ ቤት የምትገባው ክትባቷን ጨርሳ፣ የመጨረሻውን ከወሰደች 2 ሳምንት ሲያልፍ ነው።

የምትገዙ ካላችሁ ባጭሩ፤ እናቷን ሳታዩ አትግዙ። ሚዛን ይዛችሁ ሂዱ። ስቲከሩን በእጃችሁ ይዛችሁ አንብቡ፤ የማን ክትባት እንደሆነ፣ መለያ ቁጥሩን፣ ማብቂያ ቀኑን። ብሩ ግልገሏ በእናንተ ሐኪም ከታየች በኋላ ይላካል፤ በዚህ የማይስማማ ሻጭ ምክንያት አለው። ወላጆቿ ከ10 ወር በላይ ከሆኑ የኩላሊት አልትራሳውንድ ጠይቁ፤ የኩላሊት ከረጢት በሽታ በፐርሺያን ዘር የተለመደ ነው፣ ከወላጆቿ አንዱ ካለበት ግልገሏ የመውረስ ዕድሏ ግማሽ ነው።

ዛሬ ጠዋት በሌላ ስልክ ገብቼ አየሁት። እህቷ ተለጥፋለች፤ ያው ነጭ ብርድ ልብስ፣ «ሙሉ ክትባት»፣ ዋጋዋ 28 ሺህ። ፎቶውን አስፍታችሁ ብታዩት የግራ ዓይኗ ጥግ ቢጫ ነው።