ዋርክራፍት 3፦ ታሪኩና ሕጉ ያልተነጣጠሉበት የስትራቴጂ ጨዋታ

የኮምፒውተር ጨዋታ አምራቹ ብሊዛርድ ኢንተርቴይንመንት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2002 ላወጣው «ዋርክራፍት 3፦ ሬይን ኦፍ ኬኦስ» እና ከዓመት በኋላ ለተከተለው ማስፋፊያ «ዘ ፍሮዝን ትሮን» እስከ ዛሬ አቻ አላገኘሁም። በብዙ የስትራቴጂ ጨዋታዎች ታሪኩ በውጊያና በውጊያ መካከል የሚታይ አጭር ፊልም ሆኖ ይቀራል። በዋርክራፍት 3 ግን ታሪኩ ያለው ወርቅ በሚቆፈርበት፣ ቤት በሚሠራበትና ወታደር በሚሞትበት ሕግ ውስጥ ነው፤ ጨዋታው ከሃያ ዓመት በላይ ሳያረጅ የቆየውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ይህን ለማየት አራቱ ሕዝቦች እንዴት እንደሚኖሩ መመልከት ይበቃል። የሰዎቹ ገበሬዎች ተባብረው አንድን ሕንፃ በፍጥነት ማቆም ይችላሉ፤ ጠላት ሲመጣም የክተት ጥሪው ሲሰማ ሥራቸውን ጥለው ለአጭር ጊዜ ጦር ሠራዊት ይሆናሉ። ኦርኮች በወረራ የኖሩ ሕዝብ በመሆናቸው ተገቢውን ማሻሻያ ካገኙ የጠላትን ሕንፃ እየመቱ ወርቅና እንጨት ይዘርፋሉ። ከሞት የተነሱት አንዴዶች አብዛኞቹን ሕንፃዎቻቸውን የሚያቆሙት ራሳቸው በመረዙት ጥቁር መሬት ላይ ብቻ ነው፤ ቁስላቸውም የሚያገግመው በዚያው መሬት ላይ ሲቆሙ ነው፤ ጉል የሚባሉት ተዋጊዎቻቸውም በጦር ሜዳ የወደቀውን ሬሳ በልተው ይበረታሉ። ናይት ኤልፎች በበኩላቸው ደን ጠባቂዎች ናቸውና ዊስፕ የተባለችው ሠራተኛቸው ዛፉን ሳትቆርጥ እንጨት ታገኛለች፤ ዛፍ የሆኑት ሕንፃዎቻቸውም ሥራቸውን ነቅለው እስከ ውጊያው ድረስ በእግራቸው ይሄዳሉ። አንድም መጽሐፍ ያላነበበ ተጫዋች እነዚህን ሕዝቦች ለጥቂት ሰዓታት ካዘዘ ማን ከማን ጋር ለምን እንደተጣላ ይገባዋል።

ከዚያ በላይ ጨዋታውን ከዘመኑ ተወዳዳሪዎች የለየው ጀግኖቹ ናቸው። አንድ ተጫዋች እስከ ሦስት ጀግኖች ሊኖሩት ይችላል፤ እያንዳንዱ እየተዋጋ እስከ 10ኛ ደረጃ ያድጋል፣ ስድስት ዕቃ ይይዛል፣ 6ኛ ደረጃ ላይ ሲደርስም የጦርነቱን አቅጣጫ የሚቀይር ታላቅ ኃይል ያገኛል። ጀግናው ቢሞት በመሠዊያው ሊነሳ ይችላል፤ ነገር ግን ወጪውና የሚያስጠብቀው ጊዜ ሠራዊቱን ያለ መሪ ስለሚያስቀር መቼ ማፈግፈግ እንደሚገባ ማወቅ ከማጥቃት ያልተናነሰ ጥበብ ይሆናል።

የሠራዊት ጥገና የሚባለው ሕግም ለዚሁ ዓላማ የቆመ ነው። በማስፋፊያው ሕግ መሠረት ሠራዊቱ እስከ 50 ምግብ (የሠራዊቱ መጠን የሚለካበት ቁጥር) ድረስ ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ሠራተኛው በአንድ ምልልስ 10 ወርቅ ያስገባል፤ ከ51 እስከ 80 ሲሆን ገቢው ወደ 7 ይወርዳል፤ ከዚያ ሲያልፍ ደግሞ 4 ብቻ ይሆናል። ብዙ ወታደር መሰብሰብ የሚወዱ ተጫዋቾች ይህን እንደ ቅጣት ያዩታል። እኔ ግን ከጨዋታው ምርጥ ሐሳቦች አንዱ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ሠራዊቱ ትንሽ ሆኖ እንዲቆይ ስለሚያደርግ ተጫዋቹ የቆሰለውን አንድ ወታደር ከፊት ረድፍ አውጥቶ ማትረፍን ይማራል። በካርታው ላይ ተበትነው የሚገኙት ገለልተኛ ፍጥረታትም ጀግናው ልምድና ዕቃ የሚያገኝባቸው ስለሆኑ መጀመሪያ ከሠፈር መውጣት ግድ ይላል። እነሱ ደግሞ ሌሊት ይተኛሉ። የቀንና የሌሊቱ መፈራረቅ ለጌጥ የገባ አይደለም፤ የናይት ኤልፎቹ ሴት ተዋጊዎች በጨለማ ሳይንቀሳቀሱ ከቆሙ ከዓይን ይሰወራሉ፣ የፈውስ ምንጮቻቸውም የሚሞሉት ሌሊት ብቻ ነው።

የሰዎቹ ዘመቻ የሚጀምረው የሎርደሮን መንግሥት አልጋ ወራሽ በሆነው በልዑል አርታስ ነው። በተመረዘ እህል አማካይነት አንድ ወረርሽኝ አገሪቱን ያዳርሳል፤ እህሉን የበላ ሁሉ ሞቶ ለጠላት ባሪያ ሆኖ ይነሳል። አርታስ ስትራትሆልም ከተማ ሲደርስ ነዋሪው እህሉን አስቀድሞ እንደበላ ይረዳና ከተማው በሙሉ እንዲጨረስ ያዛል። መምህሩ ኡተር እምቢ ይላል፤ ወዳጁ አስማተኛዋ ጄይናም ጥላው ትሄዳለች። ከዚህ በኋላ ሥራው ለተጫዋቹ ይተዋል። በማያ ገጹ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ፤ አንዱ የአርታስ፣ ሌላው ከጠላት ወገን የሆነው የጋኔኑ የማልጋኒስ፤ ማልጋኒስ 100 ነዋሪዎችን የራሱ ከማድረጉ በፊት ተጫዋቹ 100 መግደል አለበት። ስለዚህ ቤቶቹን አንድ በአንድ እያፈረሰ ከውስጥ የሚወጡትን ሰዎች ይጨርሳል፤ ጠላት እንዳይቀድመው ሲልም ይቸኩላል። አርታስን የሚያጠፋውም ይኸው ጥድፊያ ነው፤ ጨዋታው ስለ ጥድፊያው አይነግረንም፣ እጃችን ላይ ያስቀምጠዋል።

ቀጥሎ በበረዶው አገር በኖርዝሬንድ ሠራዊቱ ወደ አገሩ እንዲመለስ ትእዛዝ ሲመጣ፣ አርታስ ቅጥረኞችን አሰማርቶ የራሱን መርከቦች ያስቃጥላል፤ ከዚያም ጥፋቱን በቅጥረኞቹ ላይ ያላክካል። ይህንንም የሚፈጽመው ተጫዋቹ ነው። በአንዴዶች ዘመቻ ውስጥ ደግሞ ወደ እነሱ ወገን የዞረው አርታስ አባቱን ገድሎ ተመልሶ፣ የአባቱን አመድ የያዘውን ማሰሮ ከኡተር ለመንጠቅ መምህሩን ይገድላል፤ ማሰሮው የሚፈለገው የአንድ ጠንቋይ አስከሬን ለማጓጓዝ ነው። በዚህ ዘርፍ ከዚህ የከበደ ታሪክ አላጋጠመኝም።

የኦርኮቹ ዘመቻ ከሁለቱ ያነሰ ነው፤ ተልዕኮዎቹ ተመሳሳይነት ይበዛባቸዋል፤ ሆኖም ግሮም ሄልስክሪም ሕዝቡን በደም ያሰረውን ጋኔን ማኖሮትን በሕይወቱ ዋጋ የሚጥልበት ፍጻሜ ያንን ድካም ይክሳል። የመጨረሻው ተልዕኮ ደግሞ ሁሉንም ያገናኛል። በሃይጃል ተራራ ላይ የጄይና ሰዎች፣ በትራል የሚመሩት ኦርኮችና ናይት ኤልፎች ተራ በተራ ተሰልፈው የአጋንንቱ መሪ አርኪሞንድ ወደ ዓለም ዛፍ እንዳይደርስ ያዘገዩታል፤ በመደበኛው የክብደት ደረጃ 45 ደቂቃ መቋቋም ያስፈልጋል። የታችኞቹ ሠፈሮች አንድ በአንድ ሲወድቁ ትናንት ጠላት የነበሩት ዛሬ ጋሻ መሆናቸው ይታያል።

ጨዋታው ጉድለት የለበትም ማለት አይቻልም። በአንድ ጊዜ መምረጥ የሚቻለው 12 ወታደር ብቻ ነው፤ ሠራዊቱ በጠባብ መተላለፊያ ይጨናነቃል፤ የመጀመሪያዎቹ ተልዕኮዎችም ልምድ ላለው ሰው ይንቀራፈፋሉ። ከዘመቻው ውጭ ግን ሌላ ዓለም አለ፤ በመስመር ላይ ፍልሚያው የኮሪያው ሙን፣ የኔዘርላንዱ ግሩቢና እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የዓለም ሳይበር ጨዋታዎችን ያሸነፈው ቻይናዊው ስካይ ስማቸውን ያገኙት በዚህ ጨዋታ ነው። ከጨዋታው ጋር በሚሰጠው የካርታ ማዘጋጃ ደግሞ ተጫዋቾች ራሳቸው ዶታ የተባለውን ጨዋታ ፈጥረዋል፤ እሱም በኋላ ራሱን የቻለ ዘርፍ ወልዷል።

ዛሬ በይፋ የሚሸጠው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 የወጣው «ሪፎርጅድ» ነው። ሲወጣ ብዙ ተጫዋቾች ቃል የተገባው ሁሉ አልተሟላም ብለው አጥብቀው ተቃውመውታል፤ ቅሬታቸውም መሠረት ነበረው። ቢሆንም ዘመቻዎቹና ማስፋፊያው በውስጡ አሉ፤ በምርጫዎቹ ውስጥም ወደ ቀድሞው ሥዕል መመለስ ይቻላል። የድሮው ሥዕል ወታደሮቹን በግርግር መካከል ለመለየት ስለሚቀል እኔ የምመክረው እሱን ነው። ለጀማሪ ከማስፋፊያው ሳይሆን ከሬይን ኦፍ ኬኦስ መጀመር ይሻላል፤ ከናይት ኤልፎች የሆነው ኢሊዳንና አርታስ በፍሮዝን ትሮን ውስጥ የሚያደርጉት ሁሉ የሚገባው የመጀመሪያውን ለጨረሰ ነው። እንግሊዝኛው የሚፈጥንበት ሰው ከመጀመሩ በፊት የጽሑፍ መግለጫውን ያብራ፤ የመስመር ላይ ፍልሚያውንም የአራቱን ሕዝቦች ዘመቻ ሳይጨርስ አይሞክር።