አዋዜ የጠጣ ሆትዶግ በኤር ፍራየር

ፒያሳ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ኤር ፍራየር (በሙቅ አየር የሚጠብስ ማሽን) ዶሮ ያደርቃል፣ ድንች ላይ ደህና ነው። ሆትዶግ ላይ ግን መጥበሻ አይደርስበትም! ቋሊማውን በቢላ ጫር ጫር አድርጋችሁ በአዋዜ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በትንሽ ዘይትና ሎሚ ለውሱትና ፍሪጅ ውስጥ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ካልተጫረ ቅመሙ ላዩ ላይ ብቻ ይቀራል። ከዛ በ200 ዲግሪ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ፣ መሃል ላይ እያገላበጣችሁ። የተጫረው ቦታ ሲከፈትና አዋዜው ጠርዙ ላይ ደረቅ ብሎ ሲይዝ፣ በቃ ደርሷል። ማር የምትወዱ መጨረሻ ላይ ቀቡት፣ ቶሎ ያርራል።

የማይመቸኝ ቅርጫቱ ነው። ጠባብ ስለሆነ ከ4 በላይ ከደረደራችሁ ይታፈናሉ እንጂ አይጠበሱም፣ በርበሬው ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ማጠቡ ያማርራል። የዋስትና ወረቀት ስጠይቅ ሻጩ «ችግር የለም» ብሎ ሸኘኝ፣ እናንተ ሳትቀበሉ እንዳትወጡ።