የማሪነርስ የሃያ ጨዋታ ትኬት፦ ከማርች እስከ ኦክቶበር ተቀምጬበት ያየሁት

በ2025 ጃንዋሪ ለእኔና ለአስራ አንድ ዓመት ልጄ የቤዝቦል ቡድናችንን የሲያትል ማሪነርስን የሃያ ጨዋታ ትኬት ገዛሁ። ቡድኑ በሲዝን ከሚጫወታቸው 162 ጨዋታዎች 81ዱ በሜዳው ናቸው፤ እኛ የያዝነው የእነዚያን ሩብ ያህል ነው። ወንበራችን በአንደኛው ቤዝ (መቺው ሮጦ ከሚደርስባቸው ማዕዘኖች የመጀመሪያው) በኩል ከላይኛው ፎቅ ሲሆን፣ ከግራው ሜዳ በላይ የመሀል ከተማው ሕንጻዎች ይታያሉ። ሲዝኑ ካለቀ ወዲህ እዚህ ያሉ ወዳጆቼ፣ በተለይ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ቤዝቦል የጀመሩባቸው፣ «ያዋጣል ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ለአንድ ለአንዱ ከመመለስ ያየሁትን እንዳየሁት ልጻፈው።

ከየት ተነስቼ እንደምፈርድ ግን አስቀድሜ ልናገር። ሲያትል የገባሁት በ2001 ነው። ያን ዓመት ማሪነርስ 116 ጨዋታ አሸነፈ። ኢቺሮ ሱዙኪ ከጃፓን በመጣ በመጀመሪያ ዓመቱ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። እንግሊዝኛው ገና ለጆሮዬ ባዕድ ስለነበር፣ በሥራ ቦታ ራዲዮ የጨዋታ ዘጋቢውን የዴቭ ኒሃውስን ድምፅ እየሰማሁ ነው ቃሉን ከቃል መለየት የለመድኩት። ይህ ቡድን ሁልጊዜም የሚያሸንፍ መሰለኝ። በዚያው ዓመት የኒው ዮርክ ያንኪስ በፕሌይኦፍ፣ ማለትም ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ምርጦቹ በሚፋለሙበት ዙር፣ አሰናበተው፤ ከዚያ እስከ 2022 ድረስ ፕሌይኦፍ የሚባል ነገር ደጃችን አልደረሰም። ከ30ዎቹ ቡድኖች ወርልድ ሲሪስን፣ የፍጻሜውን ውድድር፣ አንድም ቀን ተጫውቶ የማያውቀው ማሪነርስ ብቻ ነው፤ የተመሠረተው ደግሞ በ1977 ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። አርሴናልን ሲደግፉ የኖሩ ወንድሞቼ ይህን ስሜት ሳላብራራው ይረዱታል።

በ2023 የክለቡ የቤዝቦል ኃላፊ ጄሪ ዲፖቶ፣ በአስር ዓመት ውስጥ በአማካይ 54 በመቶውን ጨዋታ ያሸነፈ ክለብ መጨረሻው ወርልድ ሲሪስ ነው የሚል ሐሳብ ሰንዝሮ ነበር። ከተማው ተቆጣ፤ እኔም ተቆጥቻለሁ። ትኬቱን የገዛሁት ተስፋ ስላደረኩባቸው አልነበረም። ልጄ እያደገ ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ከእኔ ጋር ለመቀመጥ ይፈልግ አይፈልግ ስለማላውቅ ነው።

የመጀመሪያው ወር ከባድ ነበር። ሜዳው ተከፋች ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው ግን እንደ ጃንጥላ ከላይ ይሸፍናል እንጂ ጎኑ ክፍት ስለሆነ አያሞቅም። ጨዋታው ማታ 6:40 ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ከ40 ላይ ይጀምራል፤ ፀሐይ እንደጠለቀች ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ አጥንት ይገባል። በኤፕሪል ሁለተኛ ጨዋታችን ልጄን ከጃኬቱ ላይ ጋቢ አለበስኩት። ፊት ለፊታችን የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ዞር ብለው ጫፉን ዳሰስ አደረጉና ከምን እንደተሠራ ጠየቁኝ። ጥጥ ነው፣ እናቴ ፈትላው ነው አልኳቸው። እሳቸው ቡድኑ በቀድሞው ሜዳ በኪንግዶም ይጫወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ትኬት ያላቸው ሰው ናቸው። ጭናቸው ላይ ደብተር ዘርግተው እያንዳንዱን ምት በእርሳስ ይመዘግባሉ። ሳይመታ ሦስት ጊዜ ስቶ ለወጣ ተጫዋች «ኬ» የምትለዋን ፊደል ይጽፋሉ፤ ዱላውን ሳያወዛውዝ ቆሞ ከወጣ ደግሞ ፊደሏን ገልብጠው ይጽፏታል። ልጄ በሜይ ወር የራሱን ደብተር አስገዛኝ።

ይህንን ያነሳሁት ከትኬቱ ዋና ጥቅም አንዱ ስለሆነ ነው። አንድ አንድ ትኬት እየገዛችሁ ብትሄዱ በየጊዜው ሌላ ወንበር፣ ሌላ ሰው ነው የሚገጥማችሁ። ጥቅሉን ስትገዙ ወንበሩ አይለወጥም፤ ጎረቤትም ይኖራችኋል። በሲያትል ሃያ አራት ዓመት ስኖር ከማላውቀው ሰው ጋር ያን ያህል ማታ ተቀምጬ አላወራሁም።

ወደ ሜዳው ልመለስ። ይህ ሜዳ ለመቺ አስቸጋሪ ነው። ቀዝቃዛ አየር ጥቅጥቅ ያለ ነውና ኳሷ ሩቅ አትሄድለትም፤ በሌላ ከተማ አጥር የምታልፈው ኳስ እዚህ ተከላካዩ እጅ ላይ ትወድቃለች። ስለዚህ በኤፕሪልና በሜይ የምታዩት ብዙ ጊዜ ነጥብ የጠፋበት የፒቸሮች፣ የኳስ ወርዋሪዎች፣ ጨዋታ ነው። ወርዋሪውን ማየት ለሚወድ ደግ ነው፤ ልጅ ይዞ ለመጣ ግን ሦስት ሰዓት በብርድ መቀመጥ ይረዝማል። በሳምንቱ መሀል የዋለ የኤፕሪል ትኬት መሸጥ እንኳ አይቻልም። ያልሄድንባቸውን ሁለቱን በግማሽ ዋጋ የሚወስድልን አላገኘንም። የዓመቱ ትልቁ ስህተቴ ቀኖቹን ስመርጥ በሦስቱ ቀዝቃዛ ወራት ላይ መደራረቤ ነው። ጁላይና ኦገስት ላይ ጣሪያው ተከፍቶ፣ ሰማዩ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲበራ፣ ከጎን የሚያልፈው ባቡር ጥሩምባ ሲነፋ ከዚያ የሚያምር ቦታ የለም።

ስለ ወጪው በአጭሩ፦ ምግብ ከቤት ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ዳቦ፣ ቆሎና ያልተከፈተ ውሃ ይዘን እንገባ ነበር። መኪናም አያስፈልግም፤ ከሬኒየር ቢች በቀላል ባቡር ተሳፍረን ሜዳው አጠገብ እንወርዳለን። ትኬቱ በስልክ ብቻ ስለሆነ ቻርጅ ሳትሞሉ እንዳትወጡ።

አሁን ወደ ካል ራሊ። ቤዝቦል የማይከታተል አንባቢ የዚህን ሰው ነገር እንዲገባው እፈልጋለሁ። ራሊ ካቸር ነው። ካቸር ማለት ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ፣ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የምትመጣ ኳስ በጓንት ሲቀበል የሚያመሽ ሰው ነው። ጉልበቱ ያልቃል፤ የተመታች ኳስ አቅጣጫ ቀይራ ጣቱን፣ አንገቱን፣ ትከሻውን ታገኘዋለች። በዚህ ላይ ለፒቸሩ ምን እንደሚወረውር የሚያስበው እሱ ነው። ስለዚህ ካቸር ብዙ ሆም ረን፣ ማለትም አጥር አልፎ የሚወድቅ ምት፣ እንዲመታ ማንም አይጠብቅም። ከእሱ በፊት በካቸሮች ትልቁ የአንድ ሲዝን ቁጥር የሳልቫዶር ፔሬዝ 48 ነበር። ራሊ 60 መታ። በሁለቱም እጅ ከሚመቱ ተጫዋቾች የሚኪ ማንትልን 54፣ ከክለባችን ደግሞ የኬን ግሪፊ ጁኒየርን 56 አለፈ።

ሃምሳ ዘጠነኛውንና ስልሳኛውን የመታው ሴፕቴምበር 24 ማታ ነው፤ በዚያው ማታ ኮሎራዶን 9 ለ 2 አሸንፈው ከ2001 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምዕራቡን ምድብ አንደኛ ሆነው ጨረሱ። እኛ ነበርን። ስልሳኛዋ ስትወጣ ቀና ብዬ አላየኋትም፤ ልጄን ነበር የማየው። እርሳሱ ከእጁ ወድቆ በወንበሩ ሥር ተንከባለለ። አሮጊቷ አንስተው ሰጡትና «ጻፍ፣ ጻፍ፣ ይህች መጻፍ አለባት» አሉት።

በዚህ ዓመት ክለቡን የማመሰግንበት ሌላም ነገር አለ። በጁላይ መጨረሻ ከአሪዞና ጆሽ ናይለርንና ዩሄንዮ ሱዋሬዝን አመጡ። ስንት ዓመት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ያሳለፉት ወቅት ነው! ኢቺሮ በጁላይ ወደ ዝና አዳራሽ ገብቶ ኦገስት 9 የ51 ቁጥር ማልያው ከአገልግሎት ሲወጣም እዚያው ነበርኩ። በ2001 በራዲዮ የሰማሁትን ስም በዓይኔ በብረቱ አየሁት።

የፕሌይኦፍ ትኬት በጥቅሉ ውስጥ አይካተትም፤ ለብቻው ይከፈላል። ጥቅሉ የሚሰጣችሁ ቀድሞ የመግዛት ዕድል ነው። እኔ አንድ ብቻ ገዛሁ፤ ኦክቶበር 10፣ ከዲትሮይት ታይገርስ ጋር የተደረገውን አምስተኛውንና ወሳኙን ጨዋታ። የተሸነፈ ወደ ቤቱ ነው።

የዲትሮይቱ ፒቸር ስኩባል የመጀመሪያ ስሙ ታሪክ ነው፤ ልጄ በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ለአሮጊቷ ነገራቸው። ያ ሰው በስድስት ኢኒንግ (ጨዋታው በመደበኛው ዘጠኝ ኢኒንግ ወይም ዙር ነው፤ አቻ ከሆነ ይቀጥላል) አስራ ሦስት መቺ በስትራይክ አስወጣ፤ ሰባቱን በተከታታይ። የልጄ ደብተር በኬ ተሞላ። በስድስተኛው ዲትሮይት በአንድ ምት 2 ለ 1 መራ፤ እኔም ያንን የማውቀውን የሆድ ብርድ ተሰማኝ። ስኩባል ሲወጣ ግን በሰባተኛው ሊዮ ሪቫስ፣ በልደቱ ቀን፣ ተቀይሮ ገብቶ ነጥቡን አስተካከለ። ከዚያ ምንም። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አስር፣ አስራ ሁለት። ብዙውን ጊዜ ጨዋታ የሚጀምሩት ፒቸሮች ጊልበርትና ካስቲዮም እንደ ረዳት ገቡ። በሜዳው በየጨዋታው የሳልሞን ዓሣ ልብስ ለብሰው የሚሽቀዳደሙ አራት ሰዎች አሉ፤ ሃምፒ የሚባለው አሸንፎ አያውቅም ነበር፤ በዚያ ማታ አሸነፈ። አሮጊቷ ያንን ሲያዩ የልጄን እጅ ያዙ፤ እስከ መጨረሻው አለቀቁትም።

በአስራ አምስተኛው ኢኒንግ ሦስቱም ቤዝ ሞልቶ ሆርሄ ፖላንኮ መታ፤ ክሮፎርድ ሮጦ ገባ፤ 3 ለ 2። አምስት ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ የቀረው ጨዋታ ነበር። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ እንደዚያ የጮኽኩበት ቀን የለም። በባቡሩ ውስጥ የማይተዋወቅ ሰው ሁሉ ይተቃቀፍ ነበር።

ቀጥሎ ቶሮንቶ፤ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ወደ ወርልድ ሲሪስ ያልፋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በካናዳ አሸነፉ፤ እዚህ መጥተው ሁለት ተሸነፉ፤ በአምስተኛው ራሊ በስምንተኛው ኢኒንግ አቻ አደረገ፣ ሱዋሬዝ ቤዝ ሞልቶ ሳለ አራት ነጥብ በአንድ ምት አስገባ። ከወርልድ ሲሪስ የሚለያቸው አንድ ጨዋታ ሆነ። ስድስተኛውን ተሸነፉ።

ሰባተኛው ኦክቶበር 20 ነበር፤ ቤት ሆነን አየነው። ሁሊዮ ሮድሪጌዝና ራሊ አንዳንድ ሆም ረን መትተው እስከ ሰባተኛው ኢኒንግ 3 ለ 1 እየመሩ ነበር። ሁለት የቶሮንቶ ሯጮች ቤዝ ላይ ቆመው ጆርጅ ስፕሪንገር ሊመታ መጣ። አሠልጣኙ ዳን ዊልሰን ኤድዋርድ ባዛርዶን አስገባ። ስፕሪንገር አጥር አሳለፋት፤ 4 ለ 3፤ በዚያው አለቀ። ባዛርዶ ዓመቱን በሙሉ የታመነ ፒቸር ስለነበር ሰውየውን አልወቅሰውም። ዊልሰንም በ2001ዱ ቡድን ካቸር የነበረ፣ የማከብረው ሰው ነው። ግን የቡድኑ ምርጡ ጨዋታ ዘጊ፣ በመጨረሻው ኢኒንግ ድሉን ለማስጠበቅ የሚገባው ፒቸር፣ አንድሬስ ሙኞዝ ነበር፤ የዓመቱ ከባዱ ሰዓት ደግሞ ያቺ ነበረች። ዘጊ ለዘጠነኛው ይቆይ የሚባለው በሜይ ነው። ነገ ጨዋታ በሌለበት ማታ ምርጡን ሰው ለነገ አታስቀምጥም። ይህን የምለው ውጤቱን ካየሁ በኋላ አይደለም፤ ባዛርዶ ሲገባ «ሙኞዝ የት አለ?» ብዬ ከወንበሬ ተነስቼ ነበር፤ ባለቤቴም ሰምታኛለች።

ልጄ አላለቀሰም። ደብተሩን ዘግቶ ወደ ክፍሉ ገባ። ደብተሩን ጠዋት ሳየው የሰባተኛውን ኢኒንግ ሳጥን ባዶ ትቶታል።

ስለዚህ ያዋጣል ወይ? ድል ለመግዛት ከሆነ አይደለም፤ ቡድኑ በዚያ ሲዝን 90 አሸንፎ 72 ተሸንፏል፤ ከ54 በመቶው ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ በመጨረሻ የጎደለው ግን አንድ ጨዋታ ነው፣ እሱን ደግሞ በመቶኛ አታገኙትም። ማሪነርስ በሜዳው ከውጭ ይልቅ የተሻለ ስለሚጫወት ለትኬት ገዢ ጥሩ ቡድን ነው። ልጅ ላለው፣ ምሽቱ ነጻ ለሆነ ሰው ከልቤ ግዙ እላለሁ፤ ቀኖቹን ግን ከጁን በኋላ ምረጡ። በሲዝን አምስት ስድስት ጊዜ ብቻ ለሚሄድ ሰው ጥቅሉ አያስፈልገውም።

ጥርጣሬዬ አልለቀቀኝም። ናይለርን በአምስት ዓመት ውል ማቆየታቸው መልካም ነው። ፖላንኮን ግን፣ ያንን የአስራ አምስተኛውን ኢኒንግ ምት የመታውን ሰው፣ ወደ ኒው ዮርክ ሜትስ ሲሄድ ዝም ብለው አዩት። ዜናውን ለልጄ ለመንገር እስከ እራት ቆየሁ።

ውሉን አድሻለሁ። ከኤፕሪል ሁለት ጨዋታ፣ የቀረው ከጁላይ ወዲህ። አሮጊቷ በዲሴምበር መልእክት ልከው ወንበሩን እንዳንለቅ፣ ልጁም አዲስ ደብተር እንዳይገዛ ነግረውናል፤ እሳቸው አንድ ተርፏቸዋል።