አማርኛ ብቻ ለሚናገር ልጅ እንግሊዝኛን ማስጀመር፦ የአንድ መዋዕለ ሕፃናት የዓመት ግምገማ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በአዲስ አበባ ገርጂ አካባቢ ያለ አንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ትምህርት ብቻ ነው። ስለ ግቢው ስፋት፣ ስለ ሰርቪሱና ስለ መጫወቻው ሌሎች ወላጆች ከእኔ የተሻለ ሊናገሩ ይችላሉ፤ እኔ ልጄን ወደዚያ የወሰድኳት በቋንቋው ምክንያት ስለሆነ ዓመቱን ሙሉ ስከታተል የቆየሁትም ይህንኑ ነው። የምስጋናውን ያህል ቅሬታም ስላለኝ የትምህርት ቤቱን ስም አልጠቅስም። ልጄ ስትመዘገብ አራት ዓመት ከአምስት ወር ሆኗት ነበር። በቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው፤ ቀኑን አብራት የምትውለው እናቴም ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አታውቅም። ልጅቷ ከፊደላት ስም ሌላ በራሷ ንግግር የምትጠቀምባት የእንግሊዝኛ ቃል «ባይ» ብቻ ስትሆን፣ እሷንም የአማርኛ ቃል አድርጋ ነበር የምትቆጥራት።

ከዚያ በፊት የነርሰሪውን ዓመት ያሳለፈችው በሌላ ግቢ ነበር፤ የአሁኑን ለመመዘን የሚያገለግለኝም ያ ልምድ ነው። በዚያ ግቢ ሕፃናት ከበሩ ከገቡ በኋላ አማርኛ መናገር አይፈቀድላቸውም ነበር። ሽንት ቤት መሄድ የፈለገ ልጅ እንኳ እጁን አውጥቶ «ሜይ አይ ጎ አውት» ማለት ይጠበቅበት ነበር። ልጄ ይህን ሐረግ ገና ስላልያዘችው በጥቅምት ወር ሁለት ጊዜ ልብሷን አርጥባ መጣች፤ በሁለተኛው ቀን ምን እንደሆነ ብጠይቃት «እንግሊዝኛው ጠፋኝ» አለችኝ። በዓመቱ መጨረሻ ከ«ኤ» እስከ «ዜድ» በዜማ መጥራት ችላለች፤ «ኤል፣ ኤም፣ ኤን፣ ኦ፣ ፒ» የሚለው ግን በእሷ አፍ «ኤለመኖፒ» የሚባል አንድ ረጅም ፊደል ነበር። ደብተሯ በተገለበጡ ፊደላትና በቀይ እስክሪብቶ በተጻፈ «ቬሪ ጉድ» የተሞላ ቢሆንም ውኃ ሲጠማት በእንግሊዝኛ ውኃ መጠየቅ አትችልም ነበር።

የወላጆችን ጥድፊያ አልነቅፍም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ሲወስን፣ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥና ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆንም ወስኗል። የ12ኛ ክፍል ፈተናም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ይህን የሚያውቅ ወላጅ ልጁ ቋንቋውን በጊዜ እንድትለምደው ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን እንግሊዝኛን ቶሎ ማስጀመርና አማርኛን ማስጣል ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ አሁን የምገመግመው መዋዕለ ሕፃናት በእኔ ዓይን ከፍ ያለ ቦታ ያገኘው ይህን ልዩነት በመለየቱ ነው።

ለምዝገባ በሄድኩበት ነሐሴ ወር ርእሰ መምህርቷ ያስረዱኝ ነገር አጭር ነበር። ልጆቹ ሲጣሉ፣ ሲያለቅሱ፣ ሲያማቸውና ሽንት ሲመጣባቸው የሚያነጋግሯቸው በአማርኛ ነው፤ ፊደል የሚቆጥሩትም ከ«ሀ ሁ» ጀምረው ነው። እንግሊዝኛ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ያህል፣ የራሱ ሰዓትና የራሱ ምንጣፍ አለው። አርባ ደቂቃ በጣም ትንሽ መስሎኝ ስከራከር «አንድ ጠዋት መጥተው ይቀመጡና ይዩ» አሉኝ። መስከረም መጨረሻ ላይ ሁለት ጠዋት ከክፍሉ ጥግ በልጅ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተከታተልኩ። (ጉልበቴ አልወደደውም፤ ቢሆንም ማንም ወላጅ ይህን ዕድል ካገኘ እንዳያሳልፈው እመክራለሁ።)

በክፍሉ ሃያ ሁለት ልጆች፣ አንዲት መምህርትና አንዲት ረዳት ነበሩ። መምህርቷ ምንም ሳታስረዳ «ስታንድ አፕ» ብላ ራሷ ተነሣች፤ «ሲት ዳውን» ብላ ተቀመጠች። ሁለት ሦስት ጊዜ አብረዋት ከተነሡና ከተቀመጡ በኋላ እሷ እንደተቀመጠች ቃሉን ብቻ ተናገረች፤ ልጆቹ ተነሡ። ቀጥላ አፍንጫዋን እየነካች «ተች ዩር ኢርስ» ስትላቸው ግማሾቹ እጇን አይተው አፍንጫቸውን፣ ግማሾቹ ቃሏን ሰምተው ጆሯቸውን ያዙ፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ማን በጆሮው እንደሚከተልና ማን በዓይኑ ብቻ እንደሚቀዳ በዚያች ቅጽበት ተለይቶ ታየ። ይህ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ አሸር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያቀረበው፣ ቋንቋን በትእዛዝና በእንቅስቃሴ የማስተማር ዘዴ ነው። ለጀማሪ ሕፃን የሚመቸው ልጁ ለመሳተፍ መናገር ስለማይጠበቅበት ነው፤ መረዳቱን በሰውነቱ ያሳያል፣ አፉ ሲደርስ ይደርሳል።

ሁለተኛው መሣሪያቸው ከካልሲ የተሰፋ አንበሳ ነው። አንበሳው አማርኛ አያውቅም፤ ልጆቹ በአማርኛ ሲያናግሩት እጁን ወደ ጆሮው ያደርግና ራሱን ይነቀንቃል። ልጆቹ የካልሲ አሻንጉሊት መሆኑን እያዩ እንኳ ያዝኑለታል፤ «ምስኪን፣ አይገባውም» እያሉ ሊያስረዱት የሚችሉትን ቃል ይፈልጋሉ። አንድ ልጅ መምህርቷን «የት አገር ነው የተወለደው?» ብሎ ሲጠይቃት ሌላው ቀደም ብሎ «ካልሲ ውስጥ» ብሎ መለሰለት። አማርኛን ሳይከለክሉ ለእንግሊዝኛ ምክንያት መፍጠር የሚቻለው እንዲህ ነው፤ የቀድሞው ግቢ በቅጣት ያላገኘውን ይህኛው በአንድ ካልሲ አግኝቶታል።

በፊደል አስተማመራቸው ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነውና። የእኛ ፊደል ስሙም ድምፁም አንድ ነው። ሀሌታው «ሀ»፣ ሐመሩ «ሐ» እያልን የምንለያቸውን ጥቂት ፊደላት ብንተው፣ «ለ» የሚጠራውም የሚነበበውም «ለ» ተብሎ ነው። በዚህ ሥርዓት የጀመረ ልጅ «ሲ፣ ኤ፣ ቲ» የሚባሉ ሦስት ፊደላት ሲቀርቡለት «ሲኤቲ» ብሎ ቢያነብ ትክክለኛ አሳብ አስቧል፤ «ካት» ከየት እንደመጣ የማይገባው ስላልተነገረው ነው። እዚህ መዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛው ሴሚስተር ድረስ የእንግሊዝኛ ፊደል አያስቆጥሩም። ሲጀምሩም የፊደላቱን ስም ወደ ጎን አድርገው በድምፃቸው፣ ያውም ከ«ኤ» ሳይሆን «ስ፣ አ፣ ት፣ ፕ፣ እ፣ ን» የሚል ድምፅ ካላቸው ስድስት ፊደላት ይነሣሉ። ይህ ቅደም ተከተል በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያ ክፍሎችም በሰፊው የሚሠራበት ነው፤ በስድስቱ ፊደላት ብቻ «ሳት»፣ «ፒን»፣ «ናፕ»፣ «ቲን» የመሳሰሉ ብዙ አጫጭር ቃላት ወዲያው ማንበብ ስለሚቻል ልጁ ሃያ ስድስቱን እስኪጨርስ አይጠብቅም።

በየመጽሐፍ መደብሩ የሚሸጠው ባለ ሥዕል የፊደል ሰንጠረዥ በክፍሉ ግድግዳ ላይ አለመኖሩንም አስተውያለሁ። እኛ ቤት ግን የድሮው አለ። «አይ» በሚለው ፊደል ሥር የተሣለውን የበረዶ ቤት ልጄ ለረጅም ጊዜ «አክንባሎ» እያለች ትጠራው ነበር፤ እናቴም ትክክል ነሽ ብላታለች። «ኤክስ» ሥር ያለው በመዶሻ የሚመታ የሙዚቃ መሣሪያ ደግሞ ስሙ የሚጀምረው በ«ዝ» ድምፅ ስለሆነ ዕቃውን ለሚያውቅ ልጅ እንኳ ፊደሉን አያስተምረውም። እነሱ በሰንጠረዡ ፋንታ የሚጠቀሙት በጨርቅ ከረጢት የሚመጣ ሙዝ፣ ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ማንኪያና ጀበና ነው። ልጁ እጁን ከትቶ ይዳስሳል፣ ይገምታል፣ ያወጣል። ጀበናን በእንግሊዝኛ ምን እንደሚሉት ለማየት ጓጉቼ ነበር፤ መምህርቷ «ጀበና» ብላ አለፈችው፤ አንበሳውም ተቀበለው።

ከድምፆቹ ሁሉ ያስገረመኝ የ«ፕ» ትምህርት ነበር። ይህ ድምፅ በአማርኛ ውስጥ የሚገኘው እንደ ፖሊስና ፓስታ ባሉ ከውጭ በመጡ ቃላት ስለሆነ «ቦሊስ» እና «ባስታ» የሚሉ ልጆች ጥቂት አይደሉም። መምህርቷ ለእያንዳንዱ ልጅ ከሶፍት የተቀደደች ቁራጭ አደለችና አፋቸው ፊት እንዲይዟት አደረገች። «ብ» ሲሉ ሶፍቷ ዝም ትላለች፤ «ፕ» ሲሉ ትበራለች። ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ ሃያ ሁለቱም ልጆች ሶፍታቸውን ለማብረር ሲሉ ድምፁን አወጡት። «ዚስ» እያሉ የሚናገሩትን፣ ምላስን በጥርስ መካከል የሚያስወጣውን ድምፅ ግን ትታዋለች። ስጠይቃት በዚህ ዕድሜ እሱን እያረሙ ልጁን ማሳፈር እንደማትፈልግ ነገረችኝ፤ እኔም እስማማለሁ።

አሁን ስለ ልጄ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ድረስ በክፍል ውስጥ አንድም የእንግሊዝኛ ቃል ከአፏ አልወጣም። ትእዛዙን ሁሉ ትከተላለች፤ ሙዝ ሲባል ሙዝ ታነሣለች፤ አትናገርም። ተጨንቄ ስደውል መምህርቷ ምንም እንዳላደርግ፣ በተለይም እንግዳ ፊት «እስቲ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር በይ» እንዳልላት ጠየቀችኝ። አዲስ ቋንቋ የሚገጥማቸው ብዙ ሕፃናት ለሳምንታት፣ አንዳንዶቹም ለወራት፣ እየሰሙ ዝም እንደሚሉ በሙያው ውስጥ የታወቀ ነው። በገና ሰሞን አንድ ቀን ከሥራ ስገባ እናቴ ሳሎን መሐል እየተነሣችና እየተቀመጠች አገኘኋት። «እማማ፣ ስታንድ አፕ!» ትላታለች ልጅቷ፤ እናቴ ጉልበቷን እየደገፈች ትነሣለች፤ «ሲት ዳውን!» ከሚለው ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው ፊቷ የሚፈታው። ልጄ ሦስት ወር ሙሉ ስትሰበስብ የቆየችውን በአንድ ከሰዓት አወጣችው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዐረፍተ ነገሮች አማርኛ የለበሱ ነበሩ። «ኳስ ስጪኝ» እንደምንለው «ቦል ጊቭ ሚ» ትላለች። መምህርቷ «ስህተት» አትላትም፤ «ጊቭ ሚ ዘ ቦል? ሂር ዩ አር» ብላ ኳሱን ትሰጣታለች፣ ጨዋታውም ይቀጥላል። በሚያዝያ ወር ልጄ ቅደም ተከተሉን ራሷ አስተካከለችው። «ሬድ ቦል» ላይ ግን ገና ከመጀመሪያው አልተሳሳተችም፤ «ቀይ ኳስ» ከሚለው ጋር አንድ ዓይነት ነውና። አማርኛዋ አንድ ቦታ ቢያሰናክላት ሌላ ቦታ እንዲህ አሻግሯታል።

ቅሬታዬ ሦስት ነው፤ የመጀመሪያው ከባድ ነው። ዘወትር ሐሙስ አንድ ሙሉ ገጽ የእንግሊዝኛ ፊደል ገልብጠው እንዲመጡ የቤት ሥራ ይሰጣል። ይህ በክፍሉ ውስጥ ከሚደረገው ነገር ሁሉ ጋር ይቃረናል፤ እርሳስ በወጉ መያዝ ያልጀመረችው ልጄ ሐሙስ ማታ ታለቅስ ነበር። ርእሰ መምህርቷን ስጠይቃቸው ደብተር ባዶ ሆኖ ሲያይ «ታዲያ የምንከፍለው ለምንድን ነው?» የሚል ወላጅ ብዙ እንደሆነ በግልጽ ነገሩኝ። ቅንነታቸውን አከብራለሁ፤ ሆኖም ትክክል አለመሆኑን እያወቁ ለወላጅ ደስታ ሲባል የሚሰጥ የቤት ሥራ ዋጋውን የሚከፍለው ልጁ ነው። ሁለተኛው፣ መምህርቷ በመጋቢት ለሁለት ሳምንት ፈቃድ ስትወጣ የተተካችው ሰው ልጆቹን በሰልፍ አቁማ «ኋት ኢዝ ዚስ? ዚስ ኢዝ ኤ ፔን» እያለች በኅብረት ታስጮሃቸው ነበር፤ አንበሳውም ሁለቱን ሳምንት ከመሳቢያ አልወጣም። ትምህርቱ የተመሠረተው በትምህርት ቤቱ ሥርዓት ላይ ነው ወይስ በአንዲት መምህርት ችሎታ ላይ የሚለው ጥያቄ ያን ጊዜ አደረብኝ፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም። ሦስተኛው ቀላል ነው፦ የዓመቱ ሪፖርት ካርድ እንግሊዝኛን በመቶኛ ይሰጣል። 87 የተሰጣት ልጅ 13 የጎደላት ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም።

ክፍያው ከሠፈሩ መካከለኛ ክፍያ ከፍ ያለ ነው፤ ለእንግሊዝኛው ተብሎ ለብቻው የሚጠየቅ ገንዘብ ግን የለም። በቤቱ እንግሊዝኛ ሲሰማ ላደገ ልጅ ይህ ቦታ አይሆንም። ከአሜሪካ ከወላጆቹ ጋር የተመለሰ አንድ ልጅ በእንግሊዝኛው ሰዓት ሲሰላች አይቻለሁ፤ የእሱ ችግር አማርኛው ነበር፤ እሱን ለመርዳት የተለየ ዝግጅት አልነበረም። አማርኛ ብቻ ይዞ ለሚገባ ልጅ ግን በአካባቢው ካየኋቸው አራት መዋዕለ ሕፃናት ይህን የሚበልጥ አላገኘሁም።

ለሚቀጥለው ዓመት ልጄን በዚያው አስመዝግቤያለሁ፤ ከምዝገባው ቅጽ ጋርም የሐሙሱ ገጽ እንዲቀርላት በጽሑፍ አመልክቻለሁ። ርእሰ መምህርቷ ለመስከረሙ የወላጆች ስብሰባ አቀርበዋለሁ ብለዋል።