ኤንአርፊት ስሪንጅና የጀርባ መርፌ፦ የሚከለክለውና የማይከለክለው

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በሞጣ ለኦፕራሲዮን ክፍል ዕቃ ለምታስገዙ፦ ኤንአርፊት ለጀርባ ማደንዘዣ የተለየ መጋጠሚያ ያለው ስሪንጅ ነው፤ ቢገዛ ይጠቅማል፤ ግን የተሳሳተ መድኃኒት ጀርባ ውስጥ የመግባትን ስህተት ሁሉ አይዘጋም።

መጋጠሚያው በአይኤስኦ 80369-6 ዓለም አቀፍ ደረጃ የተሠራ ሲሆን ከተለመደው የስሪንጅ መጋጠሚያ (ሉር) በ20 በመቶ ገደማ ይጠባል። ስለዚህ ለደም ሥር የተዘጋጀ ስሪንጅ ከጀርባ መርፌው ጋር አይገጥምም። ቢጫ ቀለሙም ከሩቅ ይለያል። በተለይ የኤፒዱራል ካቴተር (ማደንዘዣ ወደ ጀርባ የሚያስገባ ቀጭን ቱቦ) እና የግሉኮስ መስመር ጎን ለጎን በሚያድሩበት ዋርድ ትልቅ ጥቅም አለው።

ድክመቱ አምፑሉ ላይ ነው። ደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ በስህተት በቢጫው ስሪንጅ ከተቀዳ ምንም ሳያግደው ጀርባ ውስጥ ይገባል። እሱም የጀርባ ማደንዘዣው ቡፒቫኬይንም ጥርት ያሉ ፈሳሾች ናቸው፤ የአንዳንድ አምራቾች አምፑል ደግሞ በጣም ይመሳሰላል። ከገባ ከባድ የጀርባና የእግር ሕመም፣ ማንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መዛባት ያስከትላል፤ ብዙዎች ይሞታሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ያስጠነቀቀው በዚሁ ነው። ትራኔክሳሚክ አሲድን ከማደንዘዣ መሳቢያው አውጥታችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ከመቅዳት በፊት ሁለት ሰው የአምፑሉን ስምና መጠን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ ስሪንጁ ላይም ወዲያው ይጻፍ።

ሲገዛ ሙሉ ስብስቡ ይገዛ፦ መቅጃው፣ ስሪንጁ፣ የጀርባ መርፌው፣ የካቴተሩ ማገናኛና ፊልተሩ። አንዱ ከጎደለ ሥራው ይቆማል፤ ወይም ሰው ወደ ሉር ይመለሳል። ከሉር ጋር የሚያገናኝ አስማሚ ግን ፈጽሞ አትግዙ፤ ጥበቃውን ከንቱ ያደርገዋል።